ተሳታፊ ሰባት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። እሳቸው ፊት በቀረብኩ ቁጥር ሌላ ሌላውን እዘረግፍና እዚህ ላይ ስደርስ መስቀላቸውን ተሳልሜ እነሣለሁ።

ጭሮ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። የማስተምረው የምርምር ዘዴ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የተናገረው እንዴት እንደሚጻፍ፣ ስሙ እንዴት እንደሚደበቅ። እኔ! ይህን የማስተምረው እኔ!

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን የሠራሁት ሚኤሶ አካባቢ ነው፤ በድርቅ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ እንዴት እንደሚታደል። ብዙ ሰው አነጋገርኩ። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይለኛል። እውነቱን የነገረችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች፤ የእደላው ኮሚቴ አባልም ነበረች። ስለ እሷ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዳንዱን ለውጬዋለሁ። ያኔ ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ ማድረጌ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የፈቃደኝነት ቅጹን ስዘረጋላት አልፈርምም አለች። «ወረቀቱን ተወው፣ ያ ኦቦሌሳ ኮ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ወረቀት ሰው ያነበዋል። አንተ በምታምንበት ማልልኝ።» በማርያም ማልኩላት። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱን እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሞቱ ሰዎች ስም የሚወጣው ስንዴ ነጋዴ መጋዘን እንደሚገባ የነገረችኝ። «ወላሂ፣ ከሰሙ አይለቁኝም፤ ልጆች አሉኝ» አለች። እሷ ፈርታ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥሩ መረጃ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስሟን አልጻፍኩም፤ «ተሳታፊ ሰባት» አልኳት። ግን አማካሪዬ ተሳታፊዎችህን በደንብ ግለጽ ስላለኝ፣ እኔም ጎበዝ መባል ስላማረኝ፣ ከሥሩ ሌላውን ሁሉ ደረደርኩት፤ ከቦኬ ወረዳ ተድራ የመጣች፣ ባሏ በመኪና አደጋ የሞተባት፣ ሻይ የምትሸጥ፣ የኮሚቴው ብቸኛ ሴት። ሩቅ ለተቀመጠ ፈታኝ ይህ መግለጫ ነው። ለአገሩ ሰው ግን ከስም ይበልጣል። ይህን አላውቅም ነበር? እንዴት አላውቅም? ሐሳቡ መጥቶብኝ ነበር፤ «ደግሞ ማን ያነበዋል» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ጥናቱ ሲያልቅ፣ ከመመረቄ በፊት፣ ግኝቱን ለአካባቢው ሰዎች ማቅረብ ነበረብኝ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀምጧል። የተሳታፊ ሰባትን ቃል ከነመግለጫው ግድግዳው ላይ አበራሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ። የተቆጣ የለም፣ የሳቀ የለም። እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ማንበቤን ግን አላቆምኩም።

ምሳ ላይ ሊቀመንበሩ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝና «የሻይዋ ሴትዮ ናት፣ አይደል?» አለኝ። «አይደለችም» ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? አንድ ቃል ነው። ውሸት ቢሆን እንኳ እግዜር የሚወደው ውሸት ነበር። እኔ ግን አጎንብሼ የጎረስኩትን አላመጥኩ። ሰውየውን ፈራሁ፤ ጥናቴን ያሰናክልብኛል፣ ሳልመረቅ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገና ተነሣ። ዝም ማለቴ መልስ እንደነበር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ደወለች። «ምን አልካቸው? ከኮሚቴ አስወጡኝ። ሰው ሻይ ቤቴ አይቆምም። ቆርቆሮዬ ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ልጆቼ አይተኙም። መጥተህ ‹እሷ አይደለችም› በላቸው።» የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳት። አልሄድኩም። ደግማ ስትደውል ስልኩ እጄ ላይ እየጮኸ ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ቁጥሬን ቀየርኩ። ሰማችሁ? አጋልጬ የሰጠኋት ሴት እንዳታገኘኝ ቁጥሬን ቀየርኩ።

ተመረቅኩ። ጽሑፉም ተወደሰልኝ። ዛሬም የፈለገ ሰው ከፍቶ ያነበዋል። ያ ገጽ ይውጣልኝ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? አያችሁ፣ አሁንም የምፈራው ለራሴ ነው። ክፍል ውስጥ ተማሪ ስለ ምስጢር መጠበቅ ሲጠይቀኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ።

በአማካሪዬ አላመካኝም፤ በልጅነቴም አላመካኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ሚኤሶ ከጭሮ ሩቅ አይደለችም፤ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ጨክኜ ወረድኩ። ሻይ ቤቷ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ከጎኑ ካለው ሱቅ ሄጄ «እዚህ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ የት ገባች?» ልል አፌን ከፈትኩ። ባለሱቁ «ምን ልስጥህ?» አለኝ። ውሃ ገዝቼ ተመለስኩ። ስድቧን እችለዋለሁ፤ እርግማኗንም እችላለሁ። የፈራሁት ባለሱቁ «አልሰማህም እንዴ?» እንዳይለኝ ነው።