በጎን የገባችው ኳስ

ሰውየው ጸጉር አስተካካይ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሁለት ወንበርና በአንድ ረጅም መስታወት መሀል ቆሞ ይውላል፤ እሁድ ሲሆን ጥቁር ቁምጣውን አጥልቆ የከተማውን ሊግ ያጫውታል። በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም «ጋሼ ፊሽካ» ነው የሚለው። እቤት ውስጥ ክርክር ሲነሳ ሚስቱ፣ «ተዉት ልጆች፣ አባታችሁ አንዴ ከነፋ ነፋ ነው» እያለች ታስቅበት ነበር።

ይሁን እንጂ ግትር ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ የሰጠውን ፍጹም ቅጣት ምት፣ መሳሳቱን የመስመር ዳኛው ስለነገረው ብቻ፣ በሺህ ሰው ስድብ መሀል ሽሮታል። ለጀማሪ ዳኞችም ደጋግሞ የሚነግራቸው ይህንኑ ነበር፦ ጨዋታው እስኪቀጥል ድረስ ውሳኔህ በእጅህ ነው፤ ከቀጠለ በኋላ ግን ብትሳሳትም ያንተ አይደለም።

ያ እሁድ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። የክር ፋብሪካው ቡድን እኩል ከወጣ ሊጉ ውስጥ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል። ከወረደ ደግሞ ፋብሪካው ቡድኑን እንደሚያፈርስ አስቀድሞ አሳውቋል። የቡድኑ ልጆች ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ያገኙት በኳስ ችሎታቸው ስለነበር የቡድኑ መፍረስ ለነሱ ከሥራ መባረር ነው። አምበላቸው ግዙፍ ተከላካይ ነበር፤ «ግንቡ» ይሉታል። መጋዘን ውስጥ ጭነት ያወርዳል። ጸጉሩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቆርጠው ጋሼ ፊሽካ ነው። በዚያ ከተማ የሱ መቀስ ያልነካው ተጫዋች ስለሌለ ይህን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ጠዋት ዝናብ ጥሎ ሜዳው ውሃ አቁሮ ነበር። ጋሼ ፊሽካ ከጨዋታ በፊት የጎሎቹን መረብ በእጁ እየዳበሰ የማየት ልማድ ነበረው። ያን ቀን ግን ሜዳው ያጫውታል፣ አያጫውትም በሚል ጭቅጭቅ ጊዜው አለቀበትና መረቡን ከሩቅ አየት አድርጎ አለፈ።

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የተጋጣሚው ቡድን አጥቂ ከጥግ አክርሮ መታ። ኳሷ በጭቃውና በእግሮች ጫካ መሀል ተወንጭፋ መረብ ውስጥ ተገኘች። ለዳኛው የታየው የተጫዋች ጀርባ ብቻ ነበር። የመስመር ዳኛው፣ ለዓመታት አብሮት ያጫወተው የሂሳብ አስተማሪ፣ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ወደ መሀል ሜዳ ሮጠ። ጎል ነው ማለቱ ነበር። ጋሼ ፊሽካም ጎሉን አጸደቀ።

ግንቡ መጣ። አልጮኸም።

«ጋሼ፣ በጎን ነው የገባችው። መረቡ ተቀዷል። ሂድና እየው።»

ዳኛው ወደ አስተማሪው ሄዶ፣ «ስትገባ አይተሃታል?» አለው።

«መረቡ ውስጥ አይቻታለሁ» አለ አስተማሪው።

ይህ የጠየቀው ነገር መልስ እንዳልሆነ ጋሼ ፊሽካ ገብቶታል። ጎሉ ድረስ ሄዶ ማየት ይችል ነበር፤ የሚከለክለው ደንብ የለም። ግን ተመልካቹ አጥሩን እየነቀነቀ ነው፤ ጠርሙስ መወርወር ተጀምሯል፤ ሁለት ተጫዋቾች አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። ነገሩን ቶሎ ላብርደው ብሎ መሀል ሜዳ ሄዶ ነፋ። ጨዋታው ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ ኳሷ ወደዚያው ጎል ተመልሳ ወደ ውጭ ወጣች። ጋሼ ፊሽካ ተከትሏት ሮጦ ቋሚው ጋ ሲደርስ አየው። የጎን መረቡ ከሥሩ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤ ክፍተቱ ሕፃን ያሾልካል። ግንቡ አጠገቡ ቆሟል።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንግዲያው ጎሉን ሻር።»

«አልችልም። ጨዋታው ተጀምሯል።»

«ተጀምሯል ብለህ ሰው ትቀብራለህ?»

በቀረው ጊዜ፣ በዳኝነት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለአንድ ወገን ተመኘ። የፋብሪካው ልጆች አንዲት ጎል ያግቡልኝ ብሎ በልቡ ተማጸነ። በመጨረሻም የፋብሪካው አጥቂ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ተዘርሮ ወደቀ። ሕዝቡ ብድግ አለ። ፊሽካው ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ቢነፋ ማንም አይፈርድበትም፤ በደሉም በበደል ይካካስ ነበር። ነገር ግን ተከላካዩ ኳሷን ብቻ ሲነካ በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ፊሽካውን አወረደው። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ለዳኞች ኮሚቴው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሰዎቹ አዳምጠው፣ ጎሉን ከመስጠቱ በላይ ሄዶ አለማየቱ ጥፋት መሆኑን፣ ከቀጠለ በኋላ አለመሻሩ ግን ትክክል መሆኑን ነገሩት። ውጤቱ ጸና። ፋብሪካውም ቡድኑን አፈረሰ። ወሬው ሲዛመት «አላየም» ያለ የለም፤ «እያወቀ ጨረሰን» ነው የተባለው። ወንበሮቹ ባዶ መዋል ጀመሩ። አስተማሪው መንገድ ላይ ሲያየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይነካካል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግንቡ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ከተማ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ እንደሆነ ነገረው። ጋሼ ፊሽካ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ መቀሱን አነሳ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ‹አላየሁም› ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለ ግንቡ በመስታወቱ ውስጥ እያየው። «ውሸታም ነው ብዬ ጠልቼህ እገላገል ነበር። አሁን ማንን ልጥላ?»

ጋሼ ፊሽካ ጸጉሩን ጨርሶለት በር ድረስ ሸኘው። ግንቡ እጁን ጨብጦት ሄደ።

በአዲሱ ዓመት ኮሚቴው ቀላል ጨዋታ መደበለት። ሚስቱ ቢቀርበት ብላ ለምናው ነበር፤ እምቢ ብሎ ወጣ። መረቦቹን ደጋግሞ ዳበሰ። ሲጫወቱ ቆይተው አንድ ጎል ተቆጠረ፤ ማንም ያልተከራከረበት፣ ጥርት ያለ ጎል። ተጫዋቾቹ ኳሷን መሀል ሜዳ አስቀምጠው ፊሽካውን ጠበቁ።

አልነፋም። ወደ ጎሉ ሄዶ መረቡን አየ፤ ተመለሰ። ሁለቱንም የመስመር ዳኞች ጠየቀ። እንደገና ሄዶ አየ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ዝም አለ። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰውየው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ እንባው ይወርዳል፤ ትንፋሹ ግን አልመጣ አለው።

አንደኛው የመስመር ዳኛ መጥቶ ክንዱን ያዘው። «ጋሼ፣ ስጠኝ፣ እኔ ላስጀምረው» አለው በቀስታ።

ሰጠው። ከሜዳው ወጥቶ አጥሩ ሥር ቁጭ እንዳለ ከኋላው ጨዋታው ሲቀጥል ሰማ፤ ዞሮ ግን አላየም።