ስም ያልወጣለት ቅያስ

እትዬ ማኅተም በማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ስያሜ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። “ዋናውን መንገድ ምክር ቤቱ፣ የግሉን ቅያስ ባለቤቶቹ ይሰይሙታል። በሕይወት ባለ ሰው ስም ግን አይሆንም፤ የሞት ማስረጃ አምጡ!” እያሉ ስንቱን ባለጉዳይ እንደ አመጣጡ መልሰዋል።

ትናንት የገዛ ጎረቤቶቻቸው ማመልከቻ ይዘው መጡ። የሚኖሩበትን ቅያስ አሥራ አራትን፣ ከሰባት ዓመት በፊት ወጥቶ በቀረው በእትዬ ልጅ ስም ሊያስጠሩላቸው ነው። ሁሉም ፈርመዋል፤ የቀረው የእናት ፊርማ ብቻ ነው።

እትዬ ብዕሩን አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

“የሞት ማስረጃው የታለ?” አሉ እንደ ልማዳቸው ቆጣ ብለው።

ጎረቤቶቹ ከማመልከቻው በቀር የያዙት ወረቀት አልነበረም።

“እንግዲያው አሥራ አራት እንደተባለ ይቆይ። ልጄ ሲመጣ የሚያውቀው እሱን ነው።”