ቅጠል ያወጣ አልጋ

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ፎቶ በፎቶ ላይ ታሳየኝ ጀመር። ከእንግዲህ ክፍሏን ለታናሽ እህቷ ማካፈሏ ስለሆነ ቦታ የሚቆጥብ ዕቃ ስትፈልግ ነው የሰነበተችው። ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ ከሥሩ መሳቢያ ያለው ሶፋ፣ እያንዳንዱ እርከን ሣጥን የሆነ ደረጃ። እኔ የቡፌና የዳንቴል ትውልድ ነኝ። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ቡፌ ለእንግዳ ካልሆነ ለባለቤቱ አይከፈትም፤ ልጄ "የብርጭቆ እስር ቤት" ትለዋለች። ቢሆንም ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚኖርበት ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁና መነጽሬን አድርጌ አብሬያት አየሁ።

በመጨረሻ በቋሚ እንጨቶች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ከሥሩ መጻፊያ ጠረጴዛ የገባበት አልጋ አሳየችኝ።

"ይህ ደግሞ አዲስ ዲዛይን ነው፣ እማዬ።"

"ይህንንማ እኛ ማርቆስ ስንማር ሠርተነዋል" አልኳት። "የእኛው ግን ቅጠል አወጣ።"

የቀለድኩ መስሏት ቀና ብላ አየችኝ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስልኩን ወደ ጎን አድርጌ ጀመርኩላት።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔና የሰፈሬ ልጅ ብርቄ ዘጠነኛ ክፍል ልንማር ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ወርደን ቤት ተከራየን። ያኔ ቤት ተከራይቶ መማር ማለት ስንቅ ተሸክሞ መመላለስ ማለት ነበር። ድርቆሹን፣ ሽሮውን፣ የገብስ ቆሎውን፣ ከሁሉም በላይ የጮቄ ሥር ድንቻችንን ይዘን፣ ከቀናን አይሱዙ ላይ ተንጠላጥለን፣ ካልቀናን በእግራችን እንመጣ ነበር። ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። በጋ ሲሆን ደግሞ የጠዋቱ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል፤ ድንች ቀቅለን ከመብላታችን በፊት በመዳፋችን ይዘን እንሞቅበት ነበር።

ክፍላችን የእትዬ ሙሉ ነበረች። እትዬ ሙሉ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ቆጣ ያለ፣ ልባቸው ግን ሩኅሩኅ የሆኑ ሴት ናቸው። ክፍሏ በትልቁ ቤት ጀርባ ተለጥፋ የተሠራች ስለነበረች ቆርቆሮዋ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ በበሩ በኩል ዝቅ ይላል። አንድ የሽቦ አልጋ ለሁለታችን፣ አንድ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ የውኃ ጀሪካን። አንዳችን ስትለብስ አንዳችን አልጋው ላይ መውጣት ነበረባት።

እኔ ሰው ቤት ስገባ ከሰዉ በፊት ግድግዳውን የማይ ልጅ ነበርኩ። እናቴ "ዐይንሽን ሰብስቢ" እያለች ብትቆጣኝም ጠባዬ አልተወኝም። ማርቆስ ስመጣ ለዚህ ጠባዬ ድግስ ሆነልኝ። የተማሪ ክፍል ሁሉ የየራሱ ብልሃት ነበረው። አንዱ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ፣ ኖራ ቀብቶ ኮርኒስ አድርጎታል። ሌላዋ የከረሜላ ወረቀት እያጣጠፈች በክር ሰክታ የበር መጋረጃ ሠርታለች፤ ሰው በገባ ቁጥር ይንሿሿል። የጠርሙስ ቆርኪ በእርጥብ የጭቃ ወለል ላይ እየተከለ አበባ ያወጣ ልጅም ነበር። ጋዜጣማ ያልለጠፈ የለም። የእኛን ግድግዳ በዱቄት ሙጫ ለጥፈን ስንጨርስ ከአልጋው ራስጌ የኳስ ዜና፣ ከግርጌው የማዳበሪያ አጠቃቀም ምክር ሆነ። ሰው ሌላ ሌላውን ቢያጣም ግድግዳውን ባዶ መተው ለምን እንደሚከብደው ያኔም ይገርመኝ ነበር፤ አሁንም ይገርመኛል።

ይታይሽ የመጣችው በጥቅምት ነው። እሷም የእኛው አገር ልጅ ናት። ማርቆስ ያለች አክስቷ ዘንድ ሆና ልትማር ነበር፤ አክስቷ ግን ባሏ ተዛውሮ ቤቷን ዘግታ ሄደች። ይታይሽ ጓዟን በነጠላ ቋጥራ በራችን ላይ ቆመች።

"አባቴ ማደሪያ ካላት ትማር፣ ከሌላት ግን ልጄ በየሰው ደጅ አትንከራተትም ብሏል" አለችን። "ገብሱ ታጭዶ ሲያበቃ ራሱ መጥቶ ያያል። የሚጠይቀኝ ሰውም አለ።"

የሚጠይቃት ማለት ለጋብቻ የሚጠይቃት ማለት ነው። ከሦስታችን ትምህርት የምትወደው እሷ ነበረች። እኔ የተማርኩት እንድማር ስለተላኩ ነው፤ ይታይሽ ግን ሥዕል ያለበት የሳይንስ መጽሐፍ ስታገኝ ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች ታነብ ነበር።

እትዬ ሙሉን ለመንናቸው። በሩ ላይ ቆመው ክፍሏን ቃኙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በአንድ አልጋ ላይ ሦስት ሆናችሁ አትተኙም። መሬቱ ደግሞ እርጥብ ነው፤ የሰው ልጅ መሬት ላይ አስተኝቼ ብትታመምብኝ ለወላጇ ምን እመልሳለሁ? መኝታ ካበጃችሁላት ትቀመጥ። የት እንደምታበጁላት ግን እናንተው ታውቃላችሁ።"

እኛም ቀና ብለን አየን። ሌላ የሚታይበት ቦታ ስላልነበረ ነው። ቆርቆሮው ከፍ ባለበት በኩል፣ ከጭንቅላታችን በላይ፣ ማንም ያልተከራየው ባዶ ቦታ ነበር።

በአገራችን ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በእንጨት የሚሠራ መኝታ ቆጥ ይባላል። ልጆች ከላይ ይተኛሉ፣ ከሥሩ ጥጃ ይታሰራል፤ የጥጃው ትንፋሽ ያሞቃል። ብርቄ "ጥጃ ባይኖረንም ቆጥ እንሠራለን" አለች። እትዬ ሙሉ ከጓሯቸው ቦይ ዳር ያለውን አኻያ እንድንቆርጥ ፈቀዱልን። አኻያ ውኃ ዳር የሚወድ፣ ለመቁረጥ የማያስቸግር ዛፍ ነው። ቀንዳቸው ያማረ ባላዎች መረጥን፣ የክፍሉን ጥግ ቆፈርን፣ ተከልን፣ አፈሩ እንዲጠብቅ ውኃ እያፈሰስን ረገጥን። በባላዎቹ ላይ አግዳሚ አስተኛን፣ በላዩ ቀጭን እንጨት ረበረብን፣ በልጥ አሰርን። ሣር የሞላንበት ጆንያ ፍራሽ ሆነ። ከሥሩ ሣጥናችንን ገፋንና ክዳኑ መጻፊያ ሆነ፤ ሦስታችንም በየተራ የምናጠናው እዚያ ነበር። መሰላሉንም እኛው ሠራን። ሥራውን ስንጨርስ ክፍሏ ጠበበች ወይስ ሰፋች ብዬ ግራ ገባኝ። ዕቃ ተጨምሮባት የሰፋች ክፍል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ የገጠር ልጆች ሆነን አንድ የምናውቀውን ነገር ዘለልን። የሚተከል እንጨት ይላጣል፤ እግሩም በእሳት ይለበለባል። ይህን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ብርቄ ቢላዋ ስታነሳ ይታይሽ እጇን ያዘቻት።

"ተይው፣ አይላጥ። ልጡ ያምራል።"

እውነቷን ነው፣ ያምር ነበር። ለስላሳ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ሲነካ ቀዝቀዝ የሚል። ዕቃ ቤት ከሚሸጠው ቫርኒሽ ከተቀባው አልጋ የእኛ አይተናነስም ብለን ተውነው። ጀሪካኑንም ከአንዱ ባላ ሥር አስቀመጥን፤ እጅ የምንታጠበውም እዚያው ነበር።

ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ይታይሽ ከላይ ሆና "እናኑ፣ ነይማ እይ" አለችኝ። በራስጌዋ በኩል ያለው ባላ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ቅጠል አውጥቷል። በነጋታው ሌላ ወጣ። ቀስ በቀስ ጀሪካኑ ያለበት ባላ ለምለም ሆነ፤ በጭላንጭል ብርሃን የበቀለ ስለሆነ ቅጠሉ ገርጣ ያለ፣ ቀጭን ነበር። እኔ በደስታ ልበር ደረስኩ። የየትኛውም ተማሪ አልጋ አልበቀለም። ብርቄ ግን ሥጋት ገባት፤ እትዬ ሙሉ ያዩት እንደሆነስ? የወረቀት አበባ ሠርተን ቅጠሉን በአበባ ሸፈንነው። የሰፈር ልጆች "እንዴት ያምራል፣ ከምን ሠራችሁት?" እያሉ መጡ፤ ከአበባው ይልቅ ቅጠሉን ነበር የሚያደንቁት።

ያው የፈራነው ደረሰ። እትዬ ሙሉ የቤት ኪራይ ጉዳይ ሊነግሩን ገብተው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ቆነጠሩና አሸተቱት።

"ይህ እርጥብ ነው" አሉ። "ልጆቼ፣ ቤቴ ውስጥ ዛፍ ተክላችኋል። ይህ ሥር ሰዶ ግድግዳዬን ሊያፈርሰው ነው። የልጅቱ አባት መምጫቸው ደርሷል አይደል? ይምጡና ይዩት፤ እሳቸው መኝታ ነው ካሉ መኝታ ነው፣ አይደለም ካሉ ነቅላችሁ ትጥላላችሁ።"

ይታይሽ ያን ሳምንት መጽሐፍ አልገለጠችም። ጓዟን ይዛ የመጣችበትን ነጠላ አጥባ አሰጣች። ምን ልታደርግበት እንደሆነ ስለገባን አልጠየቅናትም።

የይታይሽ አባት አያ አስረስ በገበያ ቀን መጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው አንድ ጆንያ ድንች አህያ ላይ ጭነው በእግራቸው ነበር የመጡት። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ጋዜጣውን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ከዚያ ባላዎቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ።

"ይህን ማን ተከለው?"

"እኛ ነን፣ አያ" አልኩ።

ባላውን ይዘው ነቀነቁት። አልተነቃነቀም። በረባሷቸውን አወለቁና በመሰላሉ ወጡ። ርብራቡ ተንቋቋ። ጋደም ሲሉ እግራቸው ከግርጌው አልፎ ወጣ። አንድ ነገር ይላሉ ብለን ጠበቅን። የሰማነው ግን የእንቅልፍ ትንፋሽ ነው። የመንገዱ ድካም ጥሏቸው ነበር።

ሦስታችን ከሥር ሣጥኑ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ቆሎ በእጃችን ይዘን ሲቆረጠም ይሰማል ብለን ሳንበላ ቀረን። እትዬ ሙሉ ድምፅ ሰምተው መጥተው በሩን ገፋ ሲያደርጉ ከአየር ላይ የተንጠለጠለ የወንድ እግር ተቀበላቸው። ወደ እኔ ዞረው በዐይናቸው ጠየቁኝ። "የይታይሽ አባት" አልኩ በሹክሹክታ። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ዋጡና በሩን ቀስ አድርገው መለሱት።

ሲነቁ ወዲያው አልወረዱም። የደብተር ገጽ ሲገላበጥ ሰማን። ይታይሽ በራስጌዋ ግድግዳውን ጎድጎድ አድርጋ ደብተሮቿን የምታስቀምጥበት ቦታ ሠርታ ነበር። ብዙ ቆዩና ከላይ ጠየቁ፦

"መብራቱ እዚህ ድረስ ይደርሳል?"

"ይደርሳል፣ አባ" አለች ይታይሽ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

ወረዱ። ቢላዋ ስጡኝ አሉ። ያን የወረቀት አበባ አንድ በአንድ እየነቀሉ ለልጃቸው ሰጧት፤ ከዚያ ባላውን ከላይ ወደ ታች ይልጡት ጀመር። ልጡ ረጃጅም ሆኖ እየተገነጠለ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በርከክ ብለው የሥሩንም አፈር ገለጥ አድርገው ያወጣውን ሥር ቆረጡት። እትዬ ሙሉ ተመልሰው መጥተው ሲያዩ አያ አስረስ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"ልጆች ናቸው፣ እመት ሙሉ። ሳይላጥ የተከሉት ይበቅላል፤ ሲላጥ ግን ይደርቃል፣ ቤትዎን አይነካም። አሁን ሊያገለግላት ይችላል።"

ትማር አላሉም፤ አትማርም አላሉም። ጀሪካኑን ብቻ አንስተው ወደ በሩ አዛወሩትና ድንቹን ገልብጠው ባዶ ጆንያቸውን ይዘው ሄዱ። ይታይሽ የተላጠውን ባላ አቅፋ አለቀሰች፤ ብርቄም እኔም አብረን አለቀስን።

ልጄ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። "ከዚያስ? ፈተናውን አለፈች?"

"አላለፈችም" አልኳት። ሁለት ዓመት ተምራ የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ አልመጣላትም። አገሯ ተመልሳ አገባች፤ እያረሰች፣ እያመረተች ቤት አቆመች።

"እና ምን ጠቀማት?" አለች ልጄ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ልጆች ነገር ሁሉ ሠርተፍኬት ሊኖረው ይገባል ይመስላቸዋል። ቀጥሎ ግን እኔም ያንኑ ጥያቄ ይዤ እንደኖርኩ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለለቅሶ አገር ቤት ስሄድ ይታይሽ ቤት አደርኩ። ልጆቿ መደቡን ሞልተውት ነበር፤ እሷ ከትንሹ ጋር፣ እኔ ከሴት ልጆቿ ጋር ተኛን። ሊነጋጋ ሲል ሁለታችንም ነቅተን ነበርና ማርቆስን አነሳን። በትምህርቱ ትቆጭ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"በትምህርቱ እቆጫለሁ" አለች። "ያ ቆጥ ግን ይናፍቀኛል። ታውቂያለሽ፣ በዕድሜዬ ብቻዬን የተኛሁት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ከእህቶቼ ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ ከባሌና ከልጆቼ ጋር ነው።"

የማወቅ ጉጉቴ አይተወኝምና "ምን ታደርጊ ነበር እዚያ ላይ?" አልኳት።

"ምንም። እጄን ዘርግቼ እተኛ ነበር።"

እኔ ያን ክፍል ያስጌጥነው በጋዜጣውና በአበባው ይመስለኝ ነበር፤ እናም ብዙ ዘመን ለሰው የማወራው ስለ ቅጠሉ ነበር። ቤት ማሳመር ለአንድ ሰው እጅ መዘርጊያ ማግኘት ሊሆን እንደሚችል ይታይሽ እስክትነግረኝ አላሰብኩትም። ይህን ስነግራት ልጄ ስልኳን አነሳችና ያንኑ የአልጋ ፎቶ መልሳ ከፈተች፤ ቁመቱን ሳይሆን ወርዱን ነበር የምትፈልገው።

"ለእሷ ይሁን የላይኛው" አለች ስለ ታናሿ። "ሰፋ ያለውን እንፈልግላት።"