ባዶው ምሳ ዕቃ

ይህ የደረሰው ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገሩን ለባለቤቴ እንኳን ሙሉውን አልነገርኩትም። አሁን ግን ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ፤ ጠዋት ከቤት በወጣሁ ቁጥር እየመጣ ስላስቸገረኝ ጻፍኩት።

የምንኖረው እሪ በከንቱ፣ እማማ ደብሬ ቤት በደባልነት ነበር። ባለቤቴ ጌታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ አሰብ ይመላለሳል። ሰባተኛ ወሬን እንደያዝኩ ወደዚያው ሄደ። በሳምንቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት ጋር ስሙ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። የቀበሌው ጥበቃዎች ሁለት ጊዜ መጥተው «ባልሽ የት ነው?» አሉኝ። «አሰብ» አልኳቸው። ረጅሙ ጥበቃ «ስም ዝርዝር ሲለጠፍ አገሩ ሁሉ አሰብ ይገባል» ብሎ ሳቀ። አላመኑኝም።

በዚያን ሰሞን እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ ነበር። ወገቤን ያመኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። እማማ ደብሬ «አትነቃነቂ፣ ፅንሱ ይናወጣል» ስለሚሉኝ ቀኑን ሙሉ እተኛለሁ። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስሄድ ሲስተሯ እግሬን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየችና፣

«ምን ስትሠሪ ነው የምትውይው?» አለችኝ።

«እተኛለሁ።»

«ያምሻል?»

«አያመኝም። ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ነው።»

«እርግዝና በሽታ ነው ያለሽ ማነው? ሰውነትሽ ለምጥ ጉልበት ካላገኘ ያኔ ነው የምትታመሚው። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ተራመጂ። አቀበት ላይ ቀስ በይ፣ ሲደክምሽ አረፍ በይ። ካዞረሽ ወይም ደም ካየሽ አቁመሽ ወደ እኔ ነይ። ቤት ስትገቢ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁጢጥ ብድግ በይ።»

መራመዱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሰው ነው። እኛ ሰፈር መድረሻ የሌለው ሰው መንገድ አይወጣም። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰው «ወዴት ነው?» አለኝ። «ዝም ብዬ ነው» ስል እርስ በርሳቸው ተያዩ። እማማ ደብሬም ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ባልሽ በሌለበት፣ ሆድሽን ገፍተሽ፣ እጅሽን እያወዛወዝሽ መንገድ ለመንገድ ስትዞሪ ሰው ምን ይላል? መዞርሽ ካልቀረ አንድ ነገር እንኳን ያዢ።»

በማግስቱ የጌታቸውን ምሳ ዕቃ አወረድኩ። ባዶውን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም። በዚያ ዘመን ምሳ ዕቃ የያዘች ሴት ወይ እስረኛ፣ ወይ በሽተኛ ዘንድ ነው የምትሄደው፤ ሰው አይቶ ከንፈሩን መጦ ያሳልፋታል። እኔም በዚህ ተገላገልኩ አልኩ።

በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግሬ የአፍንጮ በርን አቀበት እወጣለሁ። አናቱ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቃል። እዚያ በራቸው ላይ ከሰልና ሽንኩርት የሚቸረችሩ እትዬ ሽታዬ የሚባሉ ሴት አሉ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ገና ሳላውቃቸው የተቀመጡበትን ዱካ ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣

«ነይ ተቀመጪ። ሆድሽ ከደረሰ ቆይቷል፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው» አሉኝ።

ሳላስበው ሳቅኩ። ውኃ ሰጡኝ። ምሳውን ለማን እንደምወስድ ጠየቁኝ። እንግዳ ስለሆኑ ነው መሰለኝ አላፈርኳቸውም፤ ጨርቁን ፈትቼ ባዶውን አሳየኋቸው። ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እኔስ ይኼን ልጄን ሆዴ ውስጥ ይዤ ከሰል ተሸክሜ ከእንጦጦ ሥር እወርድ ነበር። ወዴት ነው የሚለኝም አልነበረም፤ ከሰሉ ይናገራላ። ምጡ ሲመጣ ግን አዋላጇ ነጠላዋን አውልቃ ሳትጨርስ ዱብ አለ። አትተይ፣ ተራመጂ።»

ልጁ የት እንዳለ አልጠየቅኋቸውም። «ክፍለ አገር ነው» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እሳቸው ዘንድ አርፋለሁ። ባዶ ዕቃ ከቤታቸው አይወጣም ብለው ቆሎ ወይም የተቀቀለ ድንች ይጨምሩበታል። መንገድ ላይ መብላት ስለማፍር ወደ ውስጥ ያስገቡኛል። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ከአልጋው በስተጀርባ መጋረጃ አለ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሳል የሰማሁ መሰለኝ። እትዬ ሽታዬ ወዲያው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ።

በሦስት ሳምንት የእግሬ እብጠት ጎደለ። ሌሊት መተኛት ጀመርኩ። አቀበቱን ሁለቴ ብቻ ቆሜ እጨርሰዋለሁ። ሲስተሯ «አየሽ» አለችኝ። በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ጥሩ ነገር ይሄ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገና ቁጭ እንዳልኩ በሩ ጨለመ። ቀና ስል ረጅሙ ጥበቃና አንድ ጓደኛው ናቸው፤ የእኛ ቀበሌ ጥበቃዎች።

«አራት ቀን ተከትለንሻል» አለኝ። «ምሳ ዕቃ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። ጌታቸውን አውጪው።»

እትዬ ሽታዬ «የምን ጌታቸው? እዚህ ወንድ የለም፣ ልጆቼ» አሉ።

«አንቺን ነው የምጠይቀው» አለኝ። «ለማን ነው ምሳው?»

መልሱ ቀላል ነበር። ባዶ ነው፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ነው የምይዘው፣ ሲስተሯ ተራመጂ ብላኝ ነው። መናገር የነበረብኝ ይህን ብቻ ነበር። የክትትል ካርዴም ደረቴ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ምላሴ ታሰረ። ዓይኔ መሬት ላይ ተተክሏል። ረጅሙ ጥበቃ ትንሽ ጠበቀኝና «ዝምታሽ ይበቃል» ብሎ አልፎኝ ገባ።

መጋረጃውን ሲገልጠው አንድ ወጣት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በካልሲ ነበር። ፀሐይ ካየ ብዙ ጊዜ የሆነው ፊቱ ገርጥቷል።

«ጌታቸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

መታወቂያውን ተቀበሉት። አንደኛው አነበበውና ለጓደኛው አሳየው። ረጅሙ ሳቀ። «ሌላ ፈልገን ሌላ አገኘን። ይሁን፣ ቁጥር ቁጥር ነው።»

እትዬ ሽታዬ አልጮሁም። ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥተው አስቀመጡለት። ሲያስር ሹራብ አመጡለት። ከሰል የነካው እጃቸው ሹራቡ ላይ ጥቁር ምልክት አስቀረ፤ ምልክቱን በጣታቸው ለማስለቀቅ ሲታገሉ ልጃቸውን ወሰዱባቸው። ልጁ በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝ። ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ይመስላል። ለካ ያንን ሁሉ ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ወሬያችንን ይሰማ ነበር።

አለቀስኩ። ይቅርታ ለማለት ፈለግኩ፤ እሱም አልወጣ አለኝ። እትዬ ሽታዬ ምሳ ዕቃዬን ከመሬት አንስተው ከደኑት፣ ጨርቁን ጠቀለሉልኝና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«መራመዱን አትተይ» አሉኝ። «በዚህ በኩል ግን ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

ቀስ ብዬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ምሳ ዕቃው ባዶ አልነበረም። ቤት ደርሼ ስከፍተው ድንች ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ እየተመላለስኩ ተራመድኩ። ግድግዳ ተደግፌ ቁጢጥ ብድግ ማለቴንም አልተውኩም። አትተይ ያሉኝ እሳቸው ናቸውና እንደ ግዴታ ያዝኩት። ምጤ አጭር ነበር፤ ጠዋት ጀምሮኝ ከምሳ በፊት ሴት ልጅ ወለድኩ። ሲስተሯ ሌሎቹን እናቶች ሰብስባ «እሷን እዩ፣ በእግሯ ሄዳ ነው የወለደችው» አለቻቸው። ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። እፍረት መሰላቸው።

ጌታቸው ከአሰብ ተመልሶ ቀበሌ ሄዶ ራሱን አስመዘገበ። እስኪ ገምቱ ምን እንዳሉት። «የዚህ ዙር ኮታችን ሞልቷል፣ ለሚቀጥለው ትጠራለህ።» እየሳቀ መጥቶ ነገረኝ። ልጄን ይዤ ጓዳ ገባሁ። በሚቀጥለው ዙር ሳይጠራ መንግሥቱ ወደቀ።

ያን ጊዜ ወታደሩ ሁሉ ተበትኖ በእግሩ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ብዙ ቀን ፒያሳ ቆሜ ፊት ፊታቸውን አየሁ። የእትዬ ሽታዬን ልጅ ፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ስለሆነ ባልፈውም ላላውቀው እችላለሁ። አንድ ቀን ጨክኜ ልጄን አዝዬ እስከ አቀበቱ አናት ሄድኩ። እትዬ ሽታዬ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ መጋረጃው ተነስቷል፤ ከአልጋው ኋላ ባዶ ግድግዳ ይታያል። አላዩኝም። እንደ ልማዴ አፌ ተያዘና ተመለስኩ።

ሰዎች «አልጠቆምሽ፣ ምን አጠፋሽ?» ይሉኝ ይሆናል። አልጠቆምኩም። ነገር ግን እግሬ መርቷቸዋል፣ ዝምታዬም በሩን ከፍቶላቸዋል። የልጄ አባት እቤት የቀረው የእትዬ ሽታዬ ልጅ በእሱ ቁጥር ስለገባ ነው።

የሰፈር ሴቶች ያለ ችግር የወለድኩበትን ዘዴ ሲጠይቁኝ፣ ተራመዱ እላቸዋለሁ። እውነት ነው፣ ይጠቅማል። አሁንም በየጠዋቱ እወጣለሁ። ሰው «ወዴት ነው?» ሲለኝ «የትም፤ ለሆዴ ነው የምራመደው» እላለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቆሜ፣ ዓይኑን እያየሁ። አራት ቃል ናት። እጄ ላይ ምንም አልይዝም።