አባባን ያከምኩበት በሶ

አባባ በስብከት መሀል ተነስተው ሲወጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ከከምባታ መጥተው ጎፋ መኖር ከጀመሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሁለት ቦታ ሆነ፣ አንዱ የእኛ ቤት፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለሆኑ የሚቀመጡት ፊት ነው። የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ወጥተው ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀሩ። ቤት ስደርስ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። «ሆዴን ነው፤ ትናንት የበላሁት ነገር ይሆናል» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ተቅማጡ ሳምንት ሞላው፤ ከዚያም ወር። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይወጣሉ። ሆዳቸው ይነፋል፣ ይጮኻል። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ሰገራቸውን መርምሮ አሜባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠ። ቀጥሎ ጃርዲያ ተባለ። ከዚያ ሁላችንም ስንጠብቀው የነበረው ጨጓራ መጣ፤ ለኤች ፓይሎሪ የሚሰጠውን ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድም ቀን ሳያጓድሉ ጨረሱ። ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት የምሠራ ሴት ነኝ፤ ሕክምና አልተማርኩም፤ አለመማሬ ግን አፌን ዘግቶት አያውቅም። የመጀመሪያው ትእዛዜ እንጀራ ማስቆም ነበር። ኮምጣጣ ስለሆነ የታመመ ሆድ ይልጣል፤ ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? በምትኩ ጠዋት ጠዋት በሶ በማር እበጠብጥላቸዋለሁ። ምሳቸው በርበሬ ያልነካው ማኮሮኒ ነው። ማታ የገብስ አጥሚት፣ በየመሀሉ ለስላሳ የስንዴ ዳቦ። የቤተ ክርስቲያን እህቶችም ሊጠይቁ ሲመጡ አጥሚት በፔርሙስ፣ ድፎ ዳቦ በዘንቢል ይዘው ነው። አባባ የቀረበላቸውን ሁሉ ይበላሉ። እየበሉ ግን ይከሳሉ።

በዚህ መሀል አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ወንድማቸው አርፎ ለቀብር ከምባታ ሄዱና እህታቸው ዘንድ ሦስት ሳምንት ቆዩ። እኔ በመንገድ ይሞቱብኛል ብዬ ስጨነቅ፣ እሳቸው ፊታቸው ፈክቶ፣ ተቅማጡም ጋብ ብሎላቸው ተመለሱ። የአገራቸው አየር ነው አልን። ጸሎት ነው አልን። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ የጎደለባቸውን ልመልስ ብዬ በሶውን እጥፍ አደረግሁት። ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ሕመሙ እንደነበረው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ከባድ ነው።

ሰባ ኪሎ የነበሩት ሰው አርባ ስምንት ገቡ። እግራቸው አበጠ። ደማቸው አነሰ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆሙ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ።

«ሥራሽን ተይውና ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። የትኛውን ሱፍ እንዲያለብሷቸው፣ የት እንዲቀበሩ ነገሩኝ። «በቀብሬ ላይ ማንም እንዳይጮኽ» አሉ።

«ተስፋ ቆረጡ እንዴ አባባ?»

«አይ ልጄ። ደከመኝ።»

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። እኔ በልቤ ካንሰር ነው ብያለሁ፤ ቃሉን ግን ከአፌ አላወጣሁትም።

የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ከእኔ የምታንስ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የያዝኩትን የውጤት ክምር አየችና ወደ ጎን አደረገችው። «አባት፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ይቀምሳሉ?» አለች። እኔ ቀደም ብዬ መዘርዘር ጀመርኩ፤ ኩራትም ነበረብኝ።

«ይቅርታ፣ እሳቸው ይንገሩኝ» አለችኝ።

አባባ አንድ በአንድ ነገሯት፤ ሁሉንም ጻፈችው። «እንጀራስ?» አለች። «ከተከለከልኩ ቆየሁ።» «ማን ከለከለዎት?» «እኔ ነኝ» አልኩ።

«በዚህ ሁሉ ጊዜ ሆድዎን ተሽሎዎት ያውቃል?»

«ከምባታ፣ እህቴ ዘንድ።»

«እዚያ ምን ይበሉ ነበር?»

«ቡላ፣ ቆጮ፣ ጎመን። የቤታችንን ምግብ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ የደም ምርመራ፣ በአፍ የሚገባ ኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት ናሙና ጋር፣ በታች በኩል ደግሞ ኮሎኖስኮፒ አዘዘች። «ካንሰር አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብን። የጠረጠርኩት ሌላ ነገርም አለ። ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ ምግባቸውን እንዳትቀይሩ፤ ከቀየራችሁ በሽታው ይደበቅብናል» አለችን።

ኮሎኖስኮፒው ንጹሕ ሆነ። ካንሰር የለም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ሁለት ፎቶ በኮምፒዩተሯ ላይ አሳየችን። የመጀመሪያው የጤነኛ ሰው አንጀት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ እንደ ከፋይ ጨርቅ በጥቃቅን ጸጉር መሰል ነገር ተሸፍኗል፤ ከምንበላው ምግብ ጥቅሙን የሚመጥጡት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው የአባባ ነበር። ልሙጥ። ሃያ ዓመት ጨርቅ በእጄ ሲያልፍ ኖሯል፤ ያለቀ ጨርቅ ሳየው አውቃለሁ።

«ሲሊያክ ይባላል» አለች። «ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ሲገባ የራሳቸው ሰውነት ተነስቶ አንጀታቸውን ይጎዳዋል። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ስለማይታሰብ ያመልጠናል።»

«በዚህ ዕድሜ?»

«በዚህ ዕድሜም ይመጣል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ግሉተን ያለበትን ምግብ ለዘለቄታው መተው ነው። ለደም ማነሱ አይረን እሰጣቸዋለሁ። እንጀራ ይብሉ፤ ንጹሕ ጤፍ ይሁን። ቡላና ቆጮውም አይጎዳቸውም።»

አንድ የሰው ልጅ በሆዱ ውስጥ ከፋይ ተሸክሞ ይኖራል፤ ይህን እስከዚያ ቀን አላወቅኩም። ያንን ከፋይ ጨርሶ የላጠው እንጀራው አልነበረም፤ ከማር ጋር አሳምሬ የበጠበጥኩት በሶ ነበር። እግዚአብሔር ለአባቴ የሚሆነውን እህል በገዛ አገራቸው አብቅሎ አስቀምጦላቸዋል፤ እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ከልክያለሁ። ፈራሁም፣ ተደነቅሁም።

ታክሲ ውስጥ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እጄን ያዙ።

«በሶ እኮ ከድሮም አልወድም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስትበጠብጪው ደስ ይልሻል። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ያን ያህል ጊዜ ሳበላቸው አንድም ቀን ምን እንደሚያምራቸው ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ እስከ ዛሬ እገረማለሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጡ ቀነሰ፣ በሁለተኛው ወር የእግራቸው እብጠት ጠፋ፣ በስድስተኛው ወር ደግሞ በቀበቷቸው ላይ በምስማር የበሳነውን ተጨማሪ ቀዳዳ ትተው ወደ ድሮው ተመለሱ። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ ጤፉን ያስፈጨሁበት ወፍጮ ቤት ከእኛ በፊት ስንዴ ፈጭቶ ኖሮ አንድ ሳምንት ታመሙብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ እስከ ሀና ማርያም ድረስ እየሄድኩ አስፈጫለሁ። በጌታ እራት ቀንም ለእሳቸው የጤፍ ቂጣ ለብቻ ይቀርብላቸዋል፤ ፓስተራችን ይህን ሲሰሙ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላመነቱም። ከዓመት በኋላ ኢንዶስኮፒው ሲደገም ሐኪሟ አዲሱን ፎቶ አሳየችን፣ በሰባ ሁለት ዓመት ሰው አንጀት ላይ ያ ከፋይ መልሶ እየበቀለ ነው፤ አባባ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ሰዓት አዩትና «ድንቅ ነው» ብቻ አሉ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመም የገባባችሁ፣ የእኛ ሕመም የእናንተ ነው አልልም፤ ስንዴና ገብስ ለብዙ ሰው መልካም ምግብ ነው፤ ሳትመረመሩም አታቁሙ። ግን ተቅማጥ ከወር ካለፈ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ደም ካነሰ፣ በተለይ ሰውየው በዕድሜ ከገፋ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ አልደበቅንም፣ የሚበሉትን ግን የነገርነው ሐኪም አልነበረም። የሚበላውን ሁሉ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የተሻለው ቀን ካለም ያን ቀን ምን እንደበላ አስታውሱ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ደግሞ ታማሚው ይመልስ።

ያቺን ሐኪም እግዚአብሔር ይባርካት። የቤተ ክርስቲያን እህቶችንም አመሰግናለሁ፤ ያመጡት ገብስ ቢሆንም ያመጣቸው ፍቅር ነበር፤ ዛሬ በዚያው ፔርሙስ የቡላ አጥሚት ያመጣሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ለምሳ የቡላ ገንፎ ሠርቼ አቀረብኩላቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሱና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ቅቤው በዝቷል፤ አልፈልግም» አሉ።

ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።