አርዲስ የከፈተችው በር

ዴልመር ኡንሩ ዕድሜውን ሁሉ በምዕራብ ካንሳስ ስንዴ ሲዘራ የኖረ ሰው ነው። ጉልበቱ ሲደክም፣ ልጆቹም ከተማ ገብተው ሲቀሩ፣ ከግጦሹ አጠገብ ያለውን ማሳ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ አሳረፈው። መሬቱ ሣር ለብሶ ይቀመጣል፤ አይታረስም፣ አይታጨድም፣ ከብትም አይገባበትም። እሱ ደግሞ በየዓመቱ ድጎማ ይከፈለዋል።

ቁርስ ቤት ሲገባ ጓደኞቹ አይለቁትም።

«ዴልመር፣ ዘንድሮ ምን ዘራህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምርቱ እንዴት ነው?»

አብሯቸው ይስቃል። ሚስቱ አርዲስ ኩላሊቷ ደክሞ ደሟን በማሽን ማጣራት ከጀመረች ወዲህ ቤቱን ያቆመው ያ ድጎማ መሆኑን ግን ለማንም አይናገርም።

ላሞቹ የአርዲስ ነበሩ። ጥቋቁር ናቸው፤ ሁሉንም ከጥጃነት ጀምራ በእጇ ነው ያሳደገቻቸው። ከሕክምና ስትመለስ እግሯ እየከዳትም ቢሆን በረቱን ሳታይ ቤት አትገባም።

ዝናቡ የቀረ ዓመት ግጦሹ አረረ፤ ኩሬው ጭቃ ሆነ፤ ድርቆሽ በገንዘብም ጠፋ። ከአጥሩ ማዶ ግን ያ ሣር እስከ ጉልበት ቆሟል። ላሞቹ አንገታቸውን በሽቦው ላይ አሻግረው ሲጮኹ ይውላሉ።

ዴልመር ወደ አውራጃው የእርሻ ቢሮ ሄደ። እዚያ የምትሠራው ትዋይላ የጎረቤቱ ልጅ ናት።

«በድርቅ ጊዜ ማስጋጥ ይፈቀዳል ሲሉ ሰማሁ» አላት።

«ይፈቀዳል፣ አቶ ኡንሩ። ለእኛ አውራጃ ግን ፈቃዱ ገና አልመጣም። ከላይ እየጠበቅን ነው።»

«ላሞቹስ ይጠብቃሉ?»

አቀረቀረች። «እባክዎ እንዳያስገቧቸው። ከተደረሰበት ውሉ ይፈርሳል፤ እስካሁን የወሰዱትንም መልሱ ይባላሉ።»

ቤቱ ሲደርስ የማሳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ላሞቹ ሣሩ ውስጥ ናቸው። አርዲስ ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ።»

«አርዲስ፣ ያ ገንዘብ እኮ ሕክምናሽ ነው!»

«አውቃለሁ። ዛሬን ብቻ ይብሉ፣ ተዋቸው።»

ትንሽ ቆመ። ሊተዋቸው ነበር። በመንገዱ ላይ የመኪና አቧራ ሲያይ ግን ዘሎ ገባ። ጮኸባቸው፤ እምቢ ሲሉት ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ፊታቸውን መታቸው። ከብት መትቶ አያውቅም። አሮጊቷ ላም ሣሩ ከአፏ እንደተንጠለጠለ እየዞረች ታየው ነበር። መኪናውም ዘወር ሳይል አለፈ።

በዚያው ሳምንት ላሞቹ ተጭነው ወደ ጨረታ ሄዱ። ሲጫኑ አርዲስ ወጥ ቤት ሆና ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ ቆየች።

ፈቃዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትዋይላ ራሷ ደወለች፤ ድምጿ ላይ ደስታ ይሰማል። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሏት ስልኩን ዘጋ። በረቱ ባዶ መሆኑን ሊነግራት አልቻለም።

አንድ ምሽት ዴልመር፣ «ያን ቀን ብተዋቸው ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

«ለእኔ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል» አለችው። «ስትመታቸው ባላይ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አላነሱትም። አርዲስ በተከተለው የብርድ ወራት፣ በረዶው ሳይቀልጥ አረፈች። በመከር ድጎማው እንደ ወትሮው ገባ። ቢሮ ሲሄድ ትዋይላ አጽናንታው ስታበቃ፣ አሁን ዝናቡ ጥሩ ነውና ጥቂት ላሞች ቢገዛ ብላ መከረችው።

«ለማን ብዬ?» አላት።