ድንጋይ የለበሰው በረዶ

ታናሽ ወንድሜ መስፍን ሊያገባ ወደ ሙሽሪት ቤተሰብ ሽማግሌ ሲልክ እኔን ተወኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት እሱ ትምህርት ቤት እንዲገባ እኔ ጭነት ተሸከምኩ። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ አገር መጥቼ፣ ጢሜ ሸብቶ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የማታ ክፍል ነው። ለሽምግልናው ግን ሌሎች ሰዎች ሄዱ፤ እኔ ወሬውን በምሠራበት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ከሰው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። በኛው ኔቫዳ በበጋም የማይቀልጥ የበረዶ ግግር አለ፣ ሄደን እንራመድበት አለኝ። እሺ አልኩ። በልቤ ግን ቆርጫለሁ፤ በዚህ ጉዞ ይቅርታ ካላለኝ ደጁን አልረግጥም።

ንጋት፣ ዊትኒ፣ የኔ ሰፈር

ገና ሳይነጋ አየሩ የምድጃ አፍ ነው። መስፍን ከካዚኖ የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ በቀጥታ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቁልፉን ተቀበልኩት። እንቅልፍ ያልተኛ ሰው እኔን ይዞ አያሽከረክርም።

ወደ ሰሜን፣ በሀይዌይ ዘጠና ሦስት። ደረቅ ሜዳ፣ ሽቦ አጥር፣ አልፎ አልፎ ላም። እሱ አፉን ከፍቶ ይተኛል።

ረፋድ፣ አላሞ

ቤንዚን ቀዳን። ቡናው ሦስት ዶላር ነው፤ የታጠበ ስኒ እጣቢ ይመስላል። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አያልፍም። ማደያዎቹን፣ የፍጥነት ገደቡን፣ የከብት ማቋረጫውን።

«ታደሰ፣ ኔቫዳን አንብበህ ስትጨርስ ቀስቅሰኝ» አለኝ።

ድሮ ጋሼ ነበር የሚለኝ። ከሠርጉ ወዲህ በስሜ ነው።

ከቀትር በኋላ፣ ተራራው

ነጫጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን አልፈን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ሲያልቅ መኪናውን ፓርክ አድርገን ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ነሐሴ ነው እኮ! ከዳዊት ዘመን ጀምሮ የቆሙ ጠማማ ዛፎች አሉ፣ ሰሌዳው ላይ ዕድሜያቸውን አነበብኩ። ከዛፎቹ በላይ በሁለት ገደል መሀል ደረስን።

በረዶ የለም። ድንጋይ ነው። ግራጫ፣ ስለታም፣ የፈረሰ ከተማ የሚመስል የድንጋይ ክምር።

«ለዚህ ነው ያመጣኸኝ? ድንጋይ አገሬም ሞልቷል» አልኩት።

በረዶው ከሥር ነው፣ ድንጋዩ ልብሱ ነው አለኝ። አላመንኩትም። ቢሆንም ወጣንበት። ድንጋዩ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፣ ከታች የሆነ ቦታ ውኃ ይንጠባጠባል፣ አየሩ ቀጭን ነው። መስፍን ጥቂት ሄዶ ተቀመጠና ያለከልክ ጀመር።

«ጋሼ» አለ።

ዞር ብዬ አየሁት።

«የዚያን ጊዜ ምላስህን ፈርቼ ነው። አባቷን ፊት ለፊት የሆነ ነገር ትላቸዋለህ ብዬ።»

«እላቸው ነበር» አልኩ። «ቢሆንም መሄድ ነበረብኝ።»

«ነበረብህ።»

ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ አደረገ። አገራችን የበደለ ሰው ለዕርቅ የሚቀርበው እንዲህ ነው። ፓስተራችን ቢያይ የድሮ ሥርዓት ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ላቅፈው እጄ ተነሳ። እንዳያይብኝ ምላሴን ቀደም አደረግኩ።

«ይቺ ጠጠር ናት። ሠርጉ ትልቅ ነበር፣ ተለቅ ያለ አንሳ።»

ጣላት። አንድ ሰፊ ድንጋይ በሁለት እጁ ታግሎ ነቀለና እያቃሰተ ተሸከመው። ከነቀለበት ጉድጓድ ሥር የሆነ ነገር አብለጨለጨ። በረዶ! ጥቁር አፈር የለወሰው፣ ሰማያዊ፣ እርጥብ። ተንበርክኬ መዳፌን አሳረፍኩበት። አጥንቴ ድረስ ገባ። ለካ ያን ሁሉ ስንረግጠው ነበር።

«ጋሼ፣ አንገቴ…»

«አውርደው። እዚያው ቦታው መልሰው፤ ከዚህ ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው፣ ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ።»

መለሰው። በረዷማ እጄን ማጅራቱ ላይ ሳደርግበት ዘለለ፣ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ደረቴ ላይ የነበረው ሸክም የት እንደወረደ አላውቅም።

ማታ፣ ማውንተንስ ኤጅ፣ የመስፍን ሰፈር

ስንመለስ እሱ ነዳ። ሰሌዳዎቹ ሳይነበቡ አለፉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ነበር። የቀሰቀሰኝ ቤቱ በር ላይ ነው። ሚስቱ ከፈተችልን፤ አንድ ቃል ሳትጠይቅ የሁለታችንንም የቆሸሸ ጉልበት አየችና «ግቡ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ገባሁ። ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ።